ሳይፈታ የከረመ አውታር

የጧፍ ሽታ ለሌላው ሰው የቤተክርስቲያን ሽታ ነው። ለእኔ የባለቤቴ እጅ ሽታ ነው። ባለፈው ወር በመድኃኔዓለም ዕለት ቦሌ አስቀድሼ ስወጣ አንዲት ልጅ አጠገቤ ጧፏን እፍ ብላ አጠፋች። ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ትልቋ ልጄ አስቴር ክንዴን ይዛ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ወዲያው አንድ ሽበታም ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ፊቴ ቆመ።

«እትዬ የሺ፣ አላወቁኝም? ግርማ ነኝ። የቀበሌው ግርማ።»

በፊቱ አላወቅኩትም። በአቋሙ ግን አወቅኩት። አንድ ትከሻው ዛሬም ዝቅ ይላል፤ ያኔ ጠመንጃ የሚያነግትበት ትከሻ ነው። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «የጋሽ አያሌው ያቺ ዕቃ ዛሬም አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። እሱም አንድ ነገር ነገረኝ። እሱን ኋላ እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ የነበረውን ልናገር።

ያኔ ቤታችን ጉርድ ሾላ ነበር፤ አሁን ባቡሩ ከሚያልፍበት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከጓሯችን ጀርባ ስንዴና ጓያ የሚዘራበት ሜዳ ነበር፤ ሜዳው ሲያልቅ ቦሌ ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና ልጆቹ እየሮጡ ይወጣሉ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ፎቁ ስለበዛ ሰማዩን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አንገቴ አይታዘዘኝም። ዳቦ በአስር ሳንቲም ይገዛ ነበር። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በደብተር ነው፤ ሰልፉ ሲረዝምብን በየቦታችን ድንጋይ አስቀምጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ ድንጋይ ለድንጋይ ይተዋወቃል እንል ነበር። ጎረምሶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ይለብሳሉ። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሽ እናስራለን። ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የሰልፍ መዝሙር ይሰማል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤቴ የእትዬ ጽጌ ራዲዮ ዝቅ ባለ ድምፅ የፍቅር ዘፈን ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስንሰማ ስለኖርን ዛሬም ይምታቱብኛል። ልብስ ሳጥብ የሰልፉን ዜማ ሳንጎራጉር ራሴን አገኘዋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

ባለቤቴ አያሌው ቦሌ መንገድ ላይ የእህል መጋዘን ጥበቃ ነበር። ያደገው ግን መተከል በረሃ ነው፤ ቀርከሃ በሚበቅልበት፣ ሰው ሁሉ ቀስት ይዞ በሚሄድበት አገር። አባቱ ደገኛ ነጋዴ ናቸው፤ ቀስት ያስተማሩት የበረሃው ሰዎች ነበሩ። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ጠመንጃውን ወስዶ ሰጠና ወረቀት ተቀብሎ መጣ። ቀስቱን ማንም አልጠየቀውም። እሱም አላነሳባቸውም። ከቀርከሃ የሠራው ነው፤ ርዝመቱ እኔን ያህላል። ሳይወጠር ሲቆም ቀጥ ያለ ዱላ ነው። የማያውቅ ሰው መደገፊያ ይመስለዋል።

በዕረፍት ቀኑ፣ የፍስክ ወራት ከሆነ፣ ወደ የረር ተራራ ይሄዳል። ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ቆቅ፣ አልፎ አልፎ ሚዳቋ ይዞ። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን። ጥንቸል እንደማንበላ ስለሚያውቅ አይነካም። ሥጋ በተወደደበት ዘመን ልጆቼ ሥጋ የቀመሱት በዚያ ቀስት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ፍላጻዎቹን የሚሠራው ከሸምበቆ ነው። ጫፋቸውን ሾላ ገበያ ያለ አንድ ቀጥቃጭ ይሠራለታል። ሥራው የማያልቅ ነበር። ሸምበቆውን በእሳት ዳር እያሞቀ ያቀናዋል፤ በጣቱ ያጎብጠዋል፤ የለሰለሰውን ይጥላል። ከቀስቱ ሲወጣ እንደ እባብ ይሄዳል ይላል። ስድስቱም እኩል መመዘን አለባቸው ብሎ ደግሞ ሾላ የምትገኝ አንዲት ቅመም ሻጭ ዘንድ ይወስዳቸዋል። አንድ ቀን አብሬው ነበርኩ። ሴትዮዋ ቁንዶ በርበሬውን ከሚዛኗ ላይ አራግፋ ፍላጻውን ጫነችለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ለምን ወጥ ነው?» አለችው።

«ለሚዳቋ ወጥ።»

«እንግዲያው ሚዳቋዋንም ይዘዋት ይምጡ፤ እሷንም እመዝንልዎታለሁ።»

«እሷ ቆማ የምትመዘን ብትሆን መች እዚህ እመጣ ነበር?»

ገበያው ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሾላ ውስጥ ስናልፍ ‹የሚዳቋ ወጥ› ይሉን ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ፍላጻዎቹን ያከብዳቸው ነበር። ለምን ቀለል አታደርጋቸውም፣ ቶሎ ይሄዱልሃል አልኩት አንዴ። ሥራውን ሳያቆም ነው የመለሰልኝ። «ቀላሉ ይፈጥናል፤ ግን ቀስቱ ይጮኻል። ሚዳቋ ጆሮዋ ከፍላጻው ይቀድማል። ድምፁን ሰምታ ዝቅ ትላለች፤ ፍላጻው በላይዋ ያልፋል። ከባዱ ዝግ ይላል፤ ግን ቀስቱ ዝም ይላል። ሲደርስ ደግሞ ቆዳው ላይ አይቆምም።» ቀጥሎ ሳቀና «በዚያ ላይ የአንቺ ጉዳይ አለ» አለኝ።

የእኔ ጉዳይ ስሙ ነው። በስመ ሥላሴ ያልተባረከ ሥጋ ቤቴ አይገባም። አውሬዋ ከነነፍሷ ከተደረሰባት በቢላ ባርኮ ያርዳታል። ካልተደረሰባት ግን ፍላጻው ከእጁ ሲወጣ ስሙን መጥራት ነበረበት። ስለዚህ ከደጅ ሳይገባ በፊት እጠይቀዋለሁ።

«ስሙን ጠራህ?»

«ጠርቻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አንቺ ሴት! በስመ አብ ብዬ አሐዱ አምላክ እስክል ድረስ በአየር ላይ ነበር። አሁን ገባሽ ለምን ከባድ እንደማደርገው? ቀላሉማ ወልድ ላይ ሳልደርስ ይሰካል።»

በዚህ ጊዜ መቆጣት ነበረብኝ። አልችልም፤ ሳቄ ያመልጠኛል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው እሳቸውም ፂማቸውን ይዘው ዞር አሉ።

አውታሩ የተገመደ ጅማት ነው። እሱን ጧፍ ያሸዋል። ከቤተክርስቲያን የተረፈኝን የጧፍ ቁራጭ በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬ አመጣለታለሁ። ሰሙን በጣቱ እያሞቀ ከላይ እስከ ታች ያሸዋል፤ እጁ ለቀናት ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ቀስቱ ሲወጠር አውታሩ ከቀስቱ ሆድ የሚርቀው አንድ ጭብጥ ከተቀሰረ አውራ ጣት ጋር ነው። ከዚያ ካነሰ የእጁን አንጓ ይገርፈዋል፤ ከበለጠ ቀስቱን ይጨንቀዋል። ለእኔም አስተምሮኛል፤ እንዴት በጉልበት ደግፎ እንደሚወጠር፣ እንዴት እንደሚፈታ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። «ሳይፈታ እንዳያድር። ቀርከሃ እንደ ሰው ነው፤ ጎብጦ ካደረ ጎብጦ መቅረትን ይለምዳል። ያኔ ፍላጻው አይሄድም።» ከየረር ደክሞት ሲመለስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውሃ ሳይጠጣ አውታሩን ይፈታል። በዚህ በአሥር ዓመት አንድ ቀን አልሳተም።

ሰው ከየቤቱ በሚወሰድበት በዚያ ዓመት ከተማው ከበደው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ የምናየውን እዚህ አልጽፍም። አንድ ቀን እራት ላይ «አገሬ እንሂድ» አለኝ። «እዚያ ስብሰባ የለ፣ ሰልፍ የለ። ቀስት ያለው ሰው አይራብም።» እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። ቤተክርስቲያኑስ? ልጆቹስ ትምህርታቸው? ወባውስ? ብዙ ወር እንቢ አልኩት። አልተቆጣኝም። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ፣ ስኳር ሰልፍ ላይ ከድንጋዬ አጠገብ ቆሜ፣ እሺ ልለው ቆረጥኩ። ማታ ነገርኩት። ደስታውን አላወራውም፤ ተነሥቶ ቀስቱን አወረደ። በማግስቱ ሐሙስ ዕረፍቱ ነበር፤ ጠዋት ወጠረውና አውታሩን ጧፍ ሲያሸው ከበር ጠሩት። ሁለት ሰዎች ናቸው። «ለአንድ ጥያቄ ነው ጋሽ አያሌው» አሉት። ቀስቱን እንደተወጠረ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለው። «አንዴ ደርሼ መጣሁ» አለኝ። ሸሚዙ ነጭ ቴትረን ነበር፤ አዲስ ነው።

ያን ቀን አልመጣም። አውታሩን ልፍታው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ከፈታሁት ግን አይመጣም ብዬ እንዳመንኩ መሰለኝ። ተውኩት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ለፍተሻ መጡ። አንዱ ግርማ ነው፤ የሰፈራችን ጎረምሳ፣ ቤልቦተሙ ላይ ጠመንጃ ያነገተ። ሌላውን አላውቀውም፤ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ነው። ፍራሹን ገለበጡ፣ ዱቄቱን በዱላ ወጉ። ቀጥሎ ሰውዬው ቀስቱን አየው። ፍላጻዎቹን ጽጌ ሐሙስ ዕለት ማታውን ወስዳ ሽንት ቤት ጥላልኝ ነበር፤ ቀስቱን ግን ከሚስማሩ አላስነካኋትም።

«ይሄ ምንድነው?»

ወለሉ ላይ የጥጥ ቅርጫቴ ነበር። አፌ ራሱ መለሰ። «የጥጥ መንደፊያ ደጋን ነው።»

«ይሄን የሚያህል ደጋን?»

«ባሌ ነው የሠራልኝ። እሱ ረዥም ነው፤ የሚሠራው ሁሉ ይረዝማል።»

ግርማ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው። «ጥጥ ትነድፋለች ጓድ፣ አውቃታለሁ» አለ። መንደፌስ እውነት ነው፤ ግን የምነድፈው ከጽጌ በተዋስኩት ትንሽ ደጋን ነበር። ሰውዬው ቀስቱን አወረደና ወረወረልኝ። «ንደፊ እስቲ።»

ተቀመጥኩ። ጥጡን ዘረጋሁ። አውታሩን በጣቴ ሳብኩትና ለቀቅኩት። ሚዳቋ ለመጣል የተወጠረ አውታር ጥጥ አያውቅም። ጥጡ ተበትኖ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ፣ የሰውዬው ቆብ ላይ ዐረፈ፣ የግርማ ጢም ላይ ተንጠለጠለ። ደግሜ ሳብኩ። ክፍሉ ውስጥ በረዶ የጣለ መሰለ። ትንሿ ልጄ ሳቀች። ሰውዬው ቆቡን እያራገፈ «ባልሽ ደጋን መሥራትም አይችል» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር አለና «ተመልሰን እንመጣለን» አለ።

ያቺ ቃል አሰረችኝ። ደጋን ምንጊዜም እንደተወጠረ ነው የሚሰቀለው። ተፈትቶ ዱላ ሆኖ ቢያገኙት፣ ያን ቀን የዋሸሁት ሊታወቅ ነው፤ አያሌው ደግሞ በእጃቸው ነው። ስለዚህ አልፈታሁትም። ሕጉን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ነው። ጠዋት ስነሣ አየዋለሁ፣ ጸሎት ሳደርስ አየዋለሁ። አንድ ወር ሆነ። አንድ ዓመት ሆነ። ምሳ ዕቃውን ይዤ እስር ቤት እመላለሳለሁ፤ ለአውቶቡስ ካላገኘሁ በእግሬ። አንገናኝም፤ ምግቡ ይገባል፣ ባዶው ይወጣል። ባዶው ምሳ ዕቃ ሲወጣ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። አብረውኝ ከሚቆሙት ሴቶች የአንዳንዷ ምሳ ዕቃ ሳይገባ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አያለቅስም፤ ማልቀስ ክልክል ነው። የእኔ ለሦስት ዓመት ገባ። ለዚህ ምን ብዬ አመስግኜ እጨርሳለሁ?

በጥቅምት ለቀቁት። ልብስ ሳሰጣ በሩ ተከፈተ። ያ ቴትረን ሸሚዝ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ አላወቁትም። እግሩን አጠብኩት። ቀና ሲል ግድግዳውን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተወጠረው?»

«ከሐሙሱ።»

«ከየትኛው ሐሙስ?»

«ከሄድክበት።»

ተነሥቶ አወረደው። አውታሩን ፈታው። ቀርከሃው አልተቃናም። አውታር ሳይኖረው እንደጎበጠ ቀረ። አገላብጦ አየው፤ ሆዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ወጠረውና ወደ ሜዳው ወጣ፤ ተከተልኩት። ድሮ የሠራው አንድ ፍላጻ ጣሪያው ሥር ተሰክቶ ተርፎ ነበር። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልወጣለት አለ። እንደምንም ሳበና ለቀቀ። ፍላጻው በአየር ላይ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ድሮ አይታየኝም ነበር። ድሮ ከሜዳው ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ይሰካ ነበር። አሁን ጓያው መሐል ተጋደመ። ልጅ የወረወረው እንጨት ይመስላል።

«አሁንማ» አለ፣ «አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ያደርሳል።»

ሳልስቅለት ቀረሁ። «ሌላ ትሠራለህ፤ ቀርከሃ ከአገርህ ይመጣል» አልኩት።

«በየትኛው ክንድ የሺ? እንኳን ቀስቱ ሰነፈ። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ አልስበውም ነበር።» ከዚያ ጠየቀኝ። «ስንቴ ተመልሰው መጡ?»

አንድም ቀን ተመልሰው አልመጡም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን። ቀስቱ የጎበጠው በቃል ብቻ ነው።

«ብዙ ጊዜ» አልኩት።

«እንግዲያው ደግ አደረግሽ» አለኝ።

ስለ አገሩ ከዚያ በኋላ አንስቶ አያውቅም። እኔ አንዴ ‹እንሂድ እንዴ?› ብለው ‹ምን ይዤ?› አለኝ፤ አበቃ። ቀስቱን ለእኔ ሰጠኝ። የሚገርመው፣ አሁን ለጥጥ ልክ ነበር። አውታሩ ጥጡን ሳይበትን ያናፍሰዋል፤ ባዘቶው እንደ ደመና ይወጣል። እሱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ አውታሩን ጧፍ ያሽልኛል፤ እኔ እነድፋለሁ፣ እፈትላለሁ፤ ጽጌ ሾላ ወስዳ ትሸጥልኛለች። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው። ሁለት ክረምት አብረን ቆየን። በሦስተኛው፣ ለልደት የሚደርስ ጋቢ ልፈትልለት ጀምሬ ነበር። ሸማኔው ጨርሶ ያመጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ከተቀበረ በሰባተኛው። ጋቢውን ለቤተክርስቲያን ሰጠሁ።

ውሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ይቅር ብሎኛል፤ አምናለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ልነግረው የምችልበት ከሁለት ዓመት በላይ ነበረኝ።

እንግዲህ ግርማ የነገረኝ ይህ ነው። «እትዬ የሺ፣ እኔ እዚህ ሳልመጣ ያደግሁት ኦሞ ዳር ነው። አባቴም ቀስት ነበረው። ከበር ስገባ ነው ቀስት መሆኑን ያወቅሁት። ሰውዬውን ያን ዕለት ማታ ‹የእሷን ቤት ጨርሰናል፣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልገውም› ብዬ አስፈርሜዋለሁ። ልነግርዎት ፈልጌ ፈራሁ። ማን ያምናል በዚያን ጊዜ?»

ዐርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረ? አንዲት ቃል በአጥር ቀዳዳ ብሎኝ ቢሆን፣ ያን ዕለት አውታሩን እፈታው ነበር። አያሌው ሲመጣ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ያገኝ ነበር። ክንዱ እንቢ ቢለው እንኳ ያገኝ ነበር። ይህን ሁሉ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን አየሁት። ወጣት ሆኖ፣ ነፍሱን አስይዞ ነው ያደረገልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ መልካም ሥራው ይዞት ኖሯል፤ መልካም ሥራውም ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ቤት ስደርስ አስቴር ዕረፊ አለችኝ። ቀስቱን አወረድኩ። ዛሬም በየሳምንቱ ትንሽ እነድፋለሁ፤ ጣቴ ሥራ እንዳይፈታ ነው እንጂ ፈትል የሚገዛኝ የለም። ወጠርኩት፤ ጧፍ አሸሁት፤ ጥቂት ነደፍኩ። ስጨርስ በጉልበቴ ደግፌ አውታሩን ፈታሁ። ሁልጊዜም እፈታዋለሁ። ቀርከሃው አልተቃናም፤ እንደማይቃናም አውቃለሁ። ፈትቼ ሰቀልኩት።